ቦርከና ዳር ሲታሰስ የተዋለበት ቀን፦ ድኩላ አለ ወይስ አልቋል?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። አሜሪካኖች ወንዝ ለወንዝ እየሄዱ ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘንና ሌሎች አጋዘኖችን ሲያስሱ የሚያሳይ ቪዲዮ አይቶ፣ እኛስ የቦርከና ወንዝ አለን አይደል ብሎ ተነሳ። ሐረጎ ላይ ከታክሲ ወርዶ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ገባ፤ ወንዙን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ዋለ፤ ቤቱ የደረሰው ማታ 11 ሰዓት ላይ ነው። ያየውን ሲዘረዝር አንድ መንጋ ዝንጀሮ፣ ወርካ ላይ የተሰቀሉ ጦጣዎች፣ ጅግራ፣ ከብት የሚያጠጡ ልጆች፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች። በቃ። ስለዚህ ድምዳሜውን ሰጠ፦ ቦርከና ላይ ከዝንጀሮና ከጦጣ በቀር የዱር እንስሳ አልቋል፤ አለ የሚል ካለ ያስረዳኝ። ከሥር ሁለት ፎቶ አያይዟል። አንዱ እርጥብ አሸዋ ላይ የታተመ ስንጥቅ ሰኮና ነው፤ ሌላው ድንጋይ ሥር የተበተነ በጠጥ።

እኔ ክሩን ያገኘሁት 30 ምላሽ ካለፈው በኋላ ነው። ሰዉ መጀመሪያውን ብቻ አንብቦ ስለሚጽፍ ያው ጥያቄ እየተመላለሰ ነው። ለዘገየ ሰው ይጠቅም እንደሆን ከላይ እስከ ታች የተባለውን ላስቀምጥ። የማይረባውን እዘላለሁ።

1ኛው ምላሽ ወግ ያለው ነው። ሰላምታው ብቻ ሦስት መስመር ይፈጃል። ከዚያ ልጁን አመስግኖ፣ ቅዳሜን ጫት ላይ ከመዋል ይህ እንደሚሻል ተናግሮ፣ የትኛውን የወንዙን ክፍል እንዳየ ይጠይቃል። ደሴ ከተማ ውስጥ የሚያልፈው ቦርከናና ከኮምቦልቻ በታች ወደ ሐርቡ የሚዘልቀው ቦርከና የተለያዩ አገሮች እንደሆኑ ያስታውሳል። በሁለቱ ከተሞች መሃል 600 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለ፤ ላይ ብርድና ጽድ፣ ታች ግራርና ቁልቋል። እንስሳውም እንደዚያው ይለያያል።

2ኛው አጎቱ የጎፍ በሚባለው ኮምቦልቻ አጠገብ ባለ ጫካ ውስጥ ድኩላ አይተው እንደነበር ብቻ ጽፎ ሄደ። መቼ? የት ጋ? የለም።

3ኛው ላይ ድምፁ ተቀየረ። ፎቶው የፍየል ኮቴ ነው፣ አንተም ሙሉ ቀን ፍየል ስትከተል ውለሃል ብሎ ልጁን ቁርጡን ነገረው። 4ኛው የሳቅ ምልክት ደርድሮ አጀበው።

5ኛው ግን ክሩን ክር ያደረገው ነው። ጸሐፊው ቃሉ ወረዳ ውስጥ ፍየል ሲጠብቁ ያደጉ፣ አሁን መምህር የሆኑ ሰው ናቸው፤ ወጣቶቹ ከዚህ በኋላ ጋሼ እያሉ ነው የሚጠሯቸው። በ3ኛው አልተቆጡም። ፎቶውን አጉላና እይ አሉት። የፍየል ሰኮና ጫፉ ዶልዳማ ነው፤ ድንጋይ ስትረግጥ ስለምትውል ጠርዙ ይበላል፤ ሁለቱ ጣቶች ከፊት ይከፈታሉ። ፎቶው ላይ ያለው ከፊት የሾለ፣ ከኋላ ሰፋ ያለ፣ ሁለቱ ጣቶች ተጠጋግተው የልብ ቅርጽ የሠሩበት ነው። ደግሞ ፍየል ብቻዋን ውኃ አትወርድም። ፍየል የጠጣችበት አሸዋ ዱካ በዱካ ላይ ተረግጦ ቦክቶ ነው የሚገኘው። እዚህ ግን አንድ እንስሳ ብቻውን ከጥሻው ወጥቶ፣ ውኃው ጠርዝ ላይ ቆሞ፣ በወጣበት ተመልሷል። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ጠልቀው የገቡት አንገቱን ደፍቶ ስለጠጣ ነው፤ ክብደቱ ወደፊት ሄዷል።

ቀጥለው ደግሞ ማንም ያላሰበውን አነሱ። የዱካው ግድግዳ ገና አልተናደም። አሸዋ ፀሐይ ሲነካው ይደርቅና ጠርዙ ወደ ውስጥ መርገፍ ይጀምራል፤ ፎቶው ላይ ጠርዙ እንደተቆረጠ ቁሟል፣ ውስጡም አንድ የወደቀ ቅጠል የለበትም። እንስሳው የጠጣው ያን ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ነው ማለት ነው። ልጁ የለም ያለው ድኩላ ከእሱ የተለየው ምናልባት በአንድ ሰዓት ነው።

6ኛው ፎቶ ማንሳት ሥራው መሆኑ ያስታውቃል። ዱካ ሲነሳ ከጎኑ እስክሪብቶ ወይም ሳንቲም ካልተቀመጠ ለክርክር እንጂ ለፍርድ አይሆንም ይላል። ልክ ነው፤ መጠኑ ካልታወቀ ድኩላም፣ ሚዳቋም፣ ሰስም ሊሆን ይችላል። በ7ኛው ልጁ ራሱ ብቅ ብሎ፣ ሳንቲም ባያስቀምጥም በጣቱ ለክቶት እንደነበር፣ አምስት ሴንቲ ሜትር ግድም እንደሚሆን ነገራቸው። 8ኛው የጋሼ ነው፤ ፍርዱን ሰጡ። ሰስ ከሆነች ዱካዋ ከዚያ በግማሽ ያንሳል፤ በሰኮናዋ ጫፍ ስለምትቆምም መሬት ላይ የምትተወው ሁለት ትንንሽ ክቦች ነው። ሚዳቋም ታንሳለች። ስለዚህ ድኩላ ነው፤ እንዲያውም ሴቷ ትሆናለች ብለው ገመቱ። የበጠጡን ፎቶ ግን አልተቀበሉትም። እሱ የፍየል ነው፣ ያውም የከረመ።

9ኛው የ3ኛው ሰውዬ መመለስ ነው። በበጠጡ አሸንፌያለሁ፣ አንድ ለአንድ ነን ብሎ ጽፏል። ሽንፈትን እንዲህ የሚቀበል ሰው ደስ ይለኛል።

10ኛው ከኮሎራዶ ነው። የደሴ ልጅ፣ ሆጤ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ኑሮው ዴንቨር። ቪዲዮው ላይ ያለውን ሥራ እሱ በየዓመቱ የአደን ወቅት ከመግባቱ በፊት ይሠራዋል። ሰው ቪዲዮ ላይ የሚያየው ኤልኩ ብቅ የሚልባትን የመጨረሻዋን ደቂቃ ነው፤ የቀረው ቀን መሬት መሬት ሲያዩ መዋል ነው ይላል። ወንዝ ዳር የሚፈልጉትን ነገር ዘርዝሯል፦ ወንዱ ኤልክ ቀንዱን አሽቶበት ልጡ የተላጠ ዛፍ፣ ተንከባልሎበት ያቦካው ጭቃ፣ ሣሩ የተኛበት መኝታ፣ ከውኃ ወደ ጫካ የሚወስድ የተደለደለ መስመር። ወንድ ኤልክ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ያን የሚያህል እንስሳ እንኳ ዛፍ መሃል ዝም ብሎ ከቆመ ሰው በአጠገቡ ሳያየው ያልፋል። ታዲያ በግና ፍየል የሚያክል ድኩላ አልታየኝም ተብሎ የለም ይባላል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኤልክን የሚያቀልለው መስከረም ነው፤ የስሪያ ወራታቸው ስለሆነ ወንዱ ንጋትና ምሽት ላይ ረጅም ፉጨት የመሰለ ጩኸት ያወጣል፤ ያለበትን ራሱ ይናገራል። ድኩላ ቢጮህ የሚጮኸው ሰው ካየ በኋላ ነው፤ ያውም ውሻ መስሎ ጮኾ ይሰወራል።

ከዚህ ምላሽ ለእኛ የሚጠቅመው ስለ ነፋስ የጻፈው ነው። ሸለቆ ውስጥ ሌሊቱን የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ ንጋት ላይ ቁልቁል ይፈሳል። ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው፣ ሦስት ሰዓት ግድም፣ ይዞርና ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። ማታ ደግሞ እንደገና ቁልቁል። ልጁ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከላይ ተነስቶ ሲወርድ ጠረኑ ቀድሞት ይሄድ ነበር፤ ታች ጥሻ ውስጥ ያደረ ሁሉ እሱ ሳይደርስ አሽትቶት ተነስቷል። ከኮምቦልቻ በኩል ተነስቶ ሽቅብ ቢሄድ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣለት ነበር። እዚያ ነፋሱን ለማወቅ ከትንሽ ጠርሙስ ዱቄት ይረጫሉ፤ ለእናንተ አንድ ጭብጥ አመድ ይበቃችኋል ብሏል።

የራሴን ልጨምር። ሐረጎን በጠዋት የወጣ ሰው ይህን በዓይኑ ያውቀዋል። ጉሙ ንጋት ላይ ከታች ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ፀሐይ ስትበረታ እየተነሳ መንገዱ ላይ ይመጣል፤ ሾፌሮች ረፋድ ላይ መብራት የሚያበሩት ለዚህ ነው።

ከ11 እስከ 15 ያለው ወደ ቀንድ ሄደ። አንዱ ኤልክ ቀንዱን በየዓመቱ እንደሚጥል ሰምቶ፣ ድኩላም የሚጥል ከሆነ ለቅሞ ለመሸጥ አሰበ። የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ ያለች ልጅ አረመችው። የኤልክ ቀንድ ከሥር እስከ ጫፉ አጥንት ነው፤ ጸደይ ሲገባ ይወድቅና እንደገና ይበቅላል፤ በበጋው ወራት በቀን እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ሊያድግ ይችላል። የድኩላ ቀንድ ግን አጥንቱ ላይ የጥፍር ዓይነት ሽፋን የለበሰ ነው፤ አይወድቅም፤ ከተሰበረም ተሰበረ ነው። ሴቷ ጭራሽ ቀንድ የላትም። በ13ኛው ሌላ ሰው ኤልክ አምጥተን ጦሳ ተራራ ላይ ለምን አንለቅም አለ። ልጅቷ አሁን ትዕግሥቷ አለቀ። የኤልክ ወገን ከሰሐራ በታች በተፈጥሮ አልኖረም፤ አፍሪካ ውስጥ ያለው ብቸኛው ዘመዱ በአልጄሪያና በቱኒዝያ ነው የሚገኘው፤ የባሌው የደጋ አጋዘን እንኳ የድኩላ ወገን እንጂ የኤልክ አይደለም። ደጋው ላይ ያለው የምኒልክ ድኩላ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ወንዱ እያረጀ ሲሄድ ጥቁር ወደመሆን ይጠጋል። ያለንን ሳናውቅ የሰው እንስሳ እንመኛለን ብላ ዘጋችው።

የኮሎራዶው ልጅ 15ኛ ሆኖ ገብቶ ነገሩን አለዘበው። ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ የነበረው ኤልክ በአደን አልቆ፣ በ1913 እና በ1914 እ.ኤ.አ. የሎውስቶን ከሚባለው ፓርክ ተጭኖ ተመልሷል፤ ዛሬ ኮሎራዶ ከሌላው የአሜሪካ ግዛት ሁሉ የሚበልጥ ኤልክ አላት። መመለስ ይቻላል፤ ግን የራስን፣ ካለቀበት ቦታ ላይ ነው አለ።

16ኛው ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ነው። ሴት ናት፤ የአያቷ ቤት የጎፍ ሥር ነበር። ባቄላው አበባ ሲያወጣ ድኩላ ሌሊት አጥር ዘሎ ይገባል። አያቷ ጣሳ ይቀጠቅጣሉ፣ ልጆቹ ይነሳሉ፣ ድኩላው አጥሩ ማዶ ቆሞ ጣሳው እስኪቆም ይጠብቃል። ጠዋት ሲታይ የበላው ጫፍ ጫፉን ነው፤ ግንዱን አይነካም፤ በሬ ቢገባ ኖሮ እርሻው ራሱ አይተርፍም ነበር ይሉ ነበር አያቷ። ድኩላውን ሲሰድቡት እንደ ሰው ጎረቤት ነው፤ ሌባ ብለው ይጀምሩና ደግሞ ዛሬ አልመጣም፣ ምን አግኝቶት ይሆን ብለው ይጨርሳሉ።

ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ 17ኛው የድኩላ ሥጋ ይጥማል ወይ ብሎ ጠየቀ። ነገሩ ከዚህ ላይ ከረረ።

18ኛው በዱር እንስሳት አዋጅ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን እንደሚያስጠይቅ ጻፈ፤ ቃናው የከሳሽ ነበር። 17ኛው ቀልዴን ነው ቢልም ማንም አልሰማውም። 19ኛው የገበሬ ወገን ሆኖ ተነሳ፦ አዋጁን የጻፈው ሰው ባቄላ ዘርቶ ያውቃል ወይ? ዝንጀሮ ማሽላውን ሲጨርስ፣ ጃርት ድንቹን ሲቆፍር ማን ካሰው? 20ኛው ለዚህ የመለሰውን አልደግመውም፤ ስድብ ነው። 21ኛው ስድቡን ትቶ በሌላ በኩል ነካው፤ በከተማ ተቀምጦ ለገበሬ ማልቀስ ቀላል ነው፣ አንተ ራስህ የምትኖረው ደሴ ፒያሳ አይደለም ወይ አለው። የሚተዋወቁ ይመስለኛል፤ ጠቡ የቆየ ነው።

ጋሼ በ22ኛው ገቡ። ቁጣ አለባቸው፣ ግን ማንንም አልጠሩም። አባታቸውም እርሻቸው ተበልቷል፤ ያደረጉት ጭስ ማጨስና ጥሻው ዳር ጓያና ሽንብራ አለመዝራት ነበር። ድኩላን የጨረሰው ገበሬው ሳይሆን በውሻ የሚያስነሱ ጎረምሶችና ጥሻውን ለከሰልና ለማገዶ የሚመነጥሩት ናቸው ባይ ናቸው። ድኩላ ሩቅ አገር የሚሰደድ እንስሳ አይደለም፤ አንድ ጥሻ፣ አንድ ውኃ ይዞ ይኖራል። ጥሻው ከሄደ አብሮ ይሄዳል፤ ለማደን ጥይት ማባከን እንኳ አያስፈልግም። የዱር እንስሳ ጥበቃ የሚባለውን ነገር በዚህ አጭር ቃል ሲያስረዳ የሰማሁት ሌላ ሰው የለም።

ሰላም የወረደ መስሎ ሳለ 23ኛው መጣ። ዕውቀቱን ለማሳየት ይሁን ለመርዳት፣ ድኩላ በእርግጠኝነት የሚጠጣበትን ሸጥ በስም ጠቅሶ፣ ከአስፋልቱ በየት እንደሚገባ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጻፈው። ካርታ ላይም ነጥብ አደረገበት። 24ኛው ከሁሉም የከረረው ምላሽ ነው፤ ይህን ሰው ስለማያስብ ነው ብሎ ጀምሮ፣ ክሩን ከሚያነቡት መካከል ውሻ ያለው አንድ ጎረምሳ እንደማይጠፋ፣ ደግሞም በ17ኛው ምላሽ ስለ ሥጋው የጠየቀ ሰው እንደነበር አስታወሰው። አጥፋው፣ አሁኑኑ አጥፋው ብሎ ጨረሰ። 25ኛው በዚህ አልተስማማም፦ ሰው የማያውቀውን ነገር አይጠብቅም፣ የጎፍ ጫካ ዛሬ የቆመው ሰው ስለሚያውቀው ነው፤ ምስጢር ለአዳኝ እንጂ ለእንስሳ አይጠቅምም። መልሱ የዋዛ አይደለም፤ እኔ ግን ከ24ኛው ጋር ነኝ። ጫካን ማሳወቅ አንድ ነገር ነው፤ አንዲት ድኩላ የምትጠጣበትን ጉድጓድና ሰዓቷን መለጠፍ ሌላ። ጫካው ጠባቂ አለው፤ ሸጡ የለውም።

የኮሎራዶው ልጅ እዚህም 26ኛ ሆኖ የአገሩን ልምድ አመጣ። እዚያ አዳኝ ያየውን ቦታ ለወንድሙም አይናገርም፤ ያ ስስት ነው። ነገር ግን ሕግም አለ፤ ከግዛቷ ዋና አውራ ጎዳና በስተምዕራብ ባለው የሕዝብ መሬት ላይ ከጃንዋሪ 1 እስከ ኤፕሪል 30 የወደቀ ቀንድ መልቀም ክልክል ነው፤ ቀንዱ ተፈልጎ አይደለም፣ ክረምቱ ያደከማቸው እንስሳት ሰው ባየ ቁጥር ሲሮጡ የቀረቻቸውን ጉልበት እንዳይጨርሱ ነው። ድኩላም በበጋ የቀረላትን አንድ ውኃ ሰው ሲመላለስበት ብትለቀው የት ትሄዳለች? ይህን ካነበበ በኋላ ይመስለኛል 23ኛው ጽሑፉን አጥፍቷል። እኔም ሸጡን እዚህ አልጠቅስም፤ አትጠይቁኝ።

27ኛውና 28ኛው ከርዕሱ ወጥተው ወደ ወንዙ ቆሻሻ ሄዱ። የኮምቦልቻው ደሴ ጥራጊዋን በቦርከና ትልክልናለች አለ፤ የደሴው ኮምቦልቻ ፋብሪካዎቿን በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ወደ ቦርከና ስታጥብ ማን ተናገራት ብሎ መለሰ። ሁለቱም እውነት ነው፤ የሚጠጣው ግን ከሁለቱም በታች ያለው ነው፤ ሐርቡ፣ ከዚያ ጨፋ። ስለ ጨፋ አንድ ሰው ጥሩ ነገር አስገብቷል፦ ወደ ከሚሴ ሲኬድ ያለው ያ ረግረግ በበጋ አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ከብቱን ይዞ የሚወርድበት ሣር ነው፤ ወፍ ማየት ለሚወድ ሰው ደግሞ ከቦርከና ሸለቆ ይልቅ እዚያ መሄድ ይሻለዋል።

29ኛው የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ከቀልድ የራቀ። ንጋት ላይ ባይኖኩላር አንጠልጥሎ ሸለቆ ለሸለቆ የሚዞር ሰው በዚህ ዘመን ምን ይባላል? ጸሐፊው ሚሊሻ አስቁሞት መታወቂያውን አሳይቶ፣ ወፍ እያየሁ ነው ሲል የትኛዋን ወፍ ተብሎ ሲፈተን እንደቆየ ይተርካል። ምክሩ፦ ከመሄድህ ቀን በፊት ለቀበሌው ንገር፣ የአካባቢውን ልጅ ይዘህ ሂድ። ልጁ ከብት የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ ዱካውንም ያሳይሃል። 30ኛው አንድ መስመር ጨመረበት፤ በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ካዳረሰ ወዲህ ገደልና ጥሻ ውስጥ የወደቀ የብረት ነገር ብታዩ አትንኩ፣ አትምቱ፣ ቦታውን አስታውሳችሁ ለፖሊስ ንገሩ። ከክሩ አንድ ነገር ብቻ የሚያነብ ሰው ካለ ይህን ያንብብ።

31ኛው የግድ ማየት ለሚፈልግ ሌላ አማራጭ ሰጠ። ደቡብ ወሎ ውስጥ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ጭላዳው፣ ቀይ ቀበሮው፣ የምኒልክ ድኩላውም እዚያ አለ፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ብርዱም እንደ ደሴ ብርድ አይደለም፣ ካፖርት ያዙ።

32ኛው የልጁ ነው። የለም ማለቱን ትቶ፣ አሁን የሚጠይቀው መቼ ልሂድ ብሎ ነው። ጋሼ በ33ኛው የመለሱለት ከነፋሱ ቀጥሎ የክሩ ዋናው ቁም ነገር ነው። ልጁ የሄደው ጥቅምት ላይ ነው። ክረምት እንደወጣ ውኃ በየጉድባው ነው፣ ቅጠሉም እርጥብ ነው፤ ድኩላ ወንዝ የምትወርድበት ምክንያት የላትም፤ ያቺ አንዷ መውረዷ ራሱ ገርሟቸዋል። ጥር ካለፈ በኋላ ግን ትንንሾቹ ምንጮች ይደርቃሉ፤ እስከ ግንቦት ድረስ ጥቂት ኩሬዎች ብቻ ይቀራሉ፤ ያኔ መሄድ አያስፈልግም፣ መቀመጥ ነው። ኩሬውን በሩቅ የሚያሳይ፣ ከነፋሱ በታች የሆነ ቦታ ይዞ፣ ከ11 ሰዓት ሌሊት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል አለመነቃነቅ። ነጭ ነጠላና የሚያንኮሻኩሽ ጃኬት ቤት ይቅር። ሳል የያዘው ሰው ደግሞ አብሮ አይምጣ። ጦጣዎቹን ስሙ ብለዋል በተጨማሪ፤ ጦጣ ዛፍ ላይ ሆና ከሰው በፊት ታያለች፤ ድንገት ከጮኸች ከሥር የሚሄድ ነገር አለ፤ ነብር ሊሆን ይችላል፣ ውሻ ሊሆን ይችላል፣ አንተ ልትሆን ትችላለህ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታክሲ በዚያ ሰዓት ከየት ይገኛል የሚል ነው፤ መፍትሔ አልተገኘለትም። አንዱ ባጃጅ አለኝ ብሏል፤ ዋጋውን ሲናገር ሁሉም ዝም አለ።

36ኛው የእኔ ነው፣ ጥያቄ ነው። የጎፍ ላይ የተፈጥሮው ጽድና ወይራ አለ፣ የተተከለው ባሕር ዛፍም አለ። ባሕር ዛፉ ሥር ቁጥቋጦ ብዙም አይበቅልም፤ ከሩቅ ሲታይ ግን ሁለቱም አረንጓዴ ጫካ ነው። ድኩላ ባሕር ዛፉ ውስጥ ትውላለች ወይስ ለመሻገር ብቻ ነው የምትገባው? ማወቅ የፈለግሁት እዚያ የተገኘ ዱካ እንዴት እንደሚነበብ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ መንገደኛ ናት፣ ዙሪያ ጥምጥም ከሆነ እየበላች ነው ብዬ ገምቻለሁ። ጋሼ ፈተና እያረሙ ነው መሰለኝ እስካሁን አልመለሱም፤ ከየጎፍ ሥር ያላችሁ ካላችሁ እናንተም ጻፉልኝ።